የደጅ አርማታና የዝናብ ውሃ

ናይሮቢ ከተማ ዌስትላንድስ በተባለው ሰፈር፣ ትልቁ የዝናብ ወቅት ገብቶ ሳለ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ደጃፍ ቆሞ ግቢውን የተመለከተ ሰው ስለ አርማታ የሚማረው አያጣም። ይህ ጸሐፊ ለአጭር ሥልጠና ወደዚያ በሄደበት ጊዜ ያረፈበት ግቢ ለሁለት የተከፈለ ያህል ነበር። ከበሩ እስከ መኪና ማቆሚያው ያለውን ግማሽ ባለቤቱ በሚያብረቀርቅ ቅብ አስቀብተውታል፤ በጓሮ በኩል ያለው ግን ምንም ያልተቀባ ተራ ሊሾ ነው። ያልተቀባው ከዛፍ ጥላ ሥር ጠቁሮ አረንጓዴ ሽበት ቢያበቅልም አካሉ ደኅና ነበር። የተቀባው ግን እዚህም እዚያም ነጭ ሆኖ ደፍርሷል፤ እባብ ጥሎት እንደ ሄደው ቆዳም እየተላቀቀ ይነሣል። ዘበኛው እንግዶች እንዳይንሸራተቱ ብሎ ጆንያ አንጥፎበታል። ገንዘብ የወጣበት ክፍል ምንም ካልወጣበት ብሶ ተገኘ ማለት ነው።

ነገሩን ልብ ብዬ ያየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ በምሠራበት የመምህራን ማሠልጠኛ፣ ከመማሪያ ክፍሎቹ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሚወስደው የአርማታ መንገድ ከተሠራ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ክረምቱም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ «ከዝናብ ይጠብቀዋል» ተብሎ እንዲሁ በሚያብረቀርቅ ቅብ ተለብጦ ነበር። ቅቡን ከመረጡት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። የመረጥኩትም ሲያብረቀርቅ ስላማረኝ ነው ብል እውነቱን መናገሬ ነው። በነሐሴ ወር አንዲት ሠልጣኝ እዚያው ላይ አዳልጧት ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ።

ታዲያ መጠበቂያ ተብሎ የተቀባው ነገር ጠላት የሆነው ስለምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ አርማታው ራሱ ምን እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል።

አርማታ ሲያዩት ድፍን ድንጋይ ይመስላል እንጂ ውስጡ በዓይን በማይታዩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። እነዚህን ቀዳዳዎች የሚተዋቸው ሲቦካ የተጨመረበት ውሃ ነው። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ እንዲጠነክር ከክብደቱ 40 በመቶ ገደማ የሚሆን ውሃ ይበቃዋል፤ ይኸውም 50 ኪሎ ለሚመዝን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 20 ሊትር ማለት ነው። ግንበኛ ግን ለመዘርጋትና ለማለስለስ እንዲቀለው 30 ሊትርና ከዚያም በላይ ያፈስበታል። ትርፉ ውሃ ውሎ አድሮ ተንኖ ሲወጣ መውጫው ባዶውን ይቀራል። ፓወርስ የተባለው አሜሪካዊ የሲሚንቶ ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው ጥናት እንዳመለከተው፣ የውሃው መጠን የሲሚንቶው ግማሽ ከሆነና አርማታው ሳይደርቅ 14 ቀን ያህል ከቆየ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ መገናኘታቸው ይቋረጣል። ውሃው 60 በመቶ ሲሆን ይኸው ነገር ስድስት ወር ያህል ይፈጃል። ከ70 በመቶ ካለፈ ግን መቼም አይዘጉም። እንግዲህ ስለ ቅቡ ቆርቆሮ ከመከራከር በፊት በግንበኛው ባልዲ ላይ መከራከር ይሻል ነበር።

በእነዚህ ቀዳዳዎች የዝናብ ውሃ የሚገባው የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስብ ሆኖ ነው። ገብቶም ዝም ብሎ አይቀመጥም። በአርማታው ውስጥ ያለውን ነፃ ኖራ፣ ማለትም ካልሲየም ሃይድሮክሳይድን፣ አሟሙቶ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ይህም ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆንና በደረቅ ወቅት ግድግዳና ደረጃ ላይ የምናየውን ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ይፈጥራል። ይህ መልክን ከማበላሸት በቀር ብዙም አይጎዳም። የከፋው ይኸው ለውጥ በአርማታው ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ፌሮው ሲያመራ ነው። ጤነኛ አርማታ የፒኤች መጠኑ ከ12.5 በላይ ስለሆነ በዚያ ውስጥ የተቀበረ ፌሮ አይዝግም። ኖራው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ተበልቶ የፒኤች መጠኑ ወደ 9 ሲወርድ ግን ፌሮው መከላከያውን ያጣል። ዝገት ደግሞ ከብረቱ ከእጥፍ በላይ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። በየትምህርት ቤቱ በረንዳ ጠርዝ ላይ ፌሮው አግጦ የሚታየው በዚህ የተነሣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በጣም በደረቀም ሆነ ውሃ በጠገበ አርማታ ውስጥ ፈጥኖ አይጓዝም። የሚፈጥነው የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ50 እስከ 70 በመቶ ሲሆን ነው። ዝገቱ ግን ውሃ ይፈልጋል። በመሆኑም አንድ ጊዜ ዝናብ አንድ ጊዜ ፀሐይ የሚፈራረቅበት አገር ለሁለቱም ይመቻል።

ኬንያ ሲባል ብዙዎቻችን ሙቀት እናስባለን። ዌስትላንድስ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው በመሆኑ አየሩ ከባሕር ዳር ጋር የሚቀራረብ ነው። ልዩነቱ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንደኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት መውረዱ ነው። በመካከሉ ከምድር ወገብ ብዙም ያልራቀው ፀሐይ ሊሾውን ያግለዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ለተሽከርካሪ የተከፈተውና ከምሎሎንጎ ተነሥቶ 27 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው የፍጥነት መንገድ በአርማታ ምሰሶዎች ላይ ሆኖ ወደዚህ ሰፈር ይገባል። ዝናብ ባባራ ጊዜ ከሥሩ ያለፈ ሰው ውሃ ያገኘውን የምሰሶ ጎን ካላገኘው በቀለሙ ብቻ ይለየዋል። ከዚያ ወደ ሞምባሳ የወረደ ደግሞ ሙቀቱንና ወበቁን ብቻ ሳይሆን የባሕሩንም ጨው ያገኛል፤ ጨው ፌሮን ለማዛግ የኖራውን ማለቅ እንኳ አይጠብቅም። በእኛ አገር ለሙቀትና ለእርጥበት ጋምቤላን የሚያህል ምሳሌ ሳይኖር አይቀርም፤ ጨው ባይኖርበትም ሽበቱና ሻጋታው በዚያ የፈጠነ ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ያለ ነገር አይደለም። በገበያ ላይ ያሉት የአርማታ መጠበቂያ ቅቦች አብዛኞቹ የታሰቡት ለብርድ አገር ነው። እዚያ ጭንቀቱ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ አርማታውን እንዳይፈረካክስና በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው እንዳይገባበት ነው። የእኛ ጭንቀት ሌላ ነው። ለእኛ መጠየቅ ያለበት «ውሃውን ያግዳል ወይ?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «ከሥር ያለው እርጥበት በየት ይወጣል?» የሚለውም ነው። አፈሩ እርጥብ ነው፤ አርማታውም እርጥብ ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ ይህ እርጥበት እንፋሎት ሆኖ ወደ ላይ ይገፋል።

ቅቦቹ በጠቅላላው በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ዓይነት በላዩ ላይ ስስ ሽፋን የሚሠራ ነው። አክሪሊክና ኢፖክሲ ከዚህ ይመደባሉ። የእንግዳ ማረፊያውና የእኛው መንገድ የተቀቡት በዚህ ዓይነቱ ነበር። መልኩ ያምራል፣ ዘይትና ቆሻሻም አያስገባም። ነገር ግን ከሥሩ የሚገፋው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ሽፋኑን ያነጣዋል፣ ያሳብጠዋል፣ በመጨረሻም ይልጠዋል። በተሰነጠቀው በኩል የገባው ዝናብ ደግሞ ተመልሶ እንዳይወጣ ራሱ ሽፋኑ ይከለክለዋል። ኢፖክሲ በተለይ ፀሐይ ላይ ሲውል ቢጫ ይሆንና እንደ ጠመኔ ይቦናል፤ ስለዚህ የቤት ውስጥ እንጂ የደጅ ቅብ አይደለም። ሽፋን ሠሪዎቹ ሁሉ ሲረጥቡ ማዳለጣቸውም ሊረሳ አይገባም።

ሁለተኛው ዓይነት ሰርጎ የሚገባው ነው (ቃሉ በሌላ ጊዜ ሌላ ትርጉም እንደ ነበረው እናውቃለን)። ከዚህ ውስጥ ሳይሌንና ሳይሎክሴን የሚባሉት የሲሊኮን ውሕዶች ዋነኞቹ ናቸው። እነዚህ ቀዳዳውን አይደፍኑትም። ከአርማታው ጋር ተዋሕደው የቀዳዳውን ግድግዳ ብቻ ይለብጡታል። የጎደሬ ቅጠል ላይ ውሃ ያፈሰሰ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ቅጠሉ ቀዳዳ የለውም ማለት አይደለም፤ ይተነፍሳል፤ ውሃው ግን እንክብል ሆኖ ይንከባለላል እንጂ አያርሰውም። እንዲሁ የተቀባ አርማታ ጠብታውን አይስብም፤ እንፋሎቱ ግን እንደ ልቡ ይወጣል። መልኩም አይለወጥም፤ አያዳልጥምም። ጉድለቱ የቆመ ውሃን ለረጅም ጊዜ መቋቋም አለመቻሉ ነው። ኩሬ በሚሠራበት ቦታ ቢቀቡት ገንዘብ መድፋት ነው። ከሁለቱ ሌላ የሶዲየም ወይም የሊቲየም ሲሊኬት የያዙ አሉ። እነርሱ ከነፃው ኖራ ጋር ተዋሕደው ገጹን ያጠነክሩታል፤ አቧራ ለሚያወጣ ወለል ይበጃሉ፤ ዝናብን በማገድ ግን ከሳይሌን ያንሳሉ።

ስለ ተልባ ዘይት የሚጠይቁኝ አሉ። ባለፈው ክፍለ ዘመን አሜሪካኖች በድልድይ ወለል ላይ ይቀቡት እንደ ነበር እውነት ነው፤ የቀቡት ግን ለበረዶ ነው። በእርጥብ አገር የተልባ ዘይት ለሻጋታ ቀለብ ይሆናል፣ ይጠቁራልም። ዘይቱን የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ቢጣል ደግሞ በራሱ ጊዜ ሊቀጣጠል ይችላል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚያፈሱ ግን ተማሪ የሚሄድበትን መንገድ ማዳለጫ ከማድረግና የጉድጓድ ውሃ ከመበከል በቀር የሚያተርፉት የለም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። ከሁሉ የሚቀድመው ውሃው የሚሄድበትን ማበጀት ነው። መንገዱ በእያንዳንዱ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዘቅዘቅ ቢል ውሃ አይቆምበትም። አዲስ አርማታ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት። ከዚያም 28 ቀን ከመሙላቱ በፊት ቅብ ማሰብ አይገባም። አሮጌው ከሆነ በጠንካራ ብሩሽ ይፈተግ። ሽበቱን ለመግደል ውሃ የተጨመረበት በረኪና ይበቃል፤ ከዚያ በብዙ ውሃ ማጠብ ነው። በረኪናን ከአሲድ ጋር ማገናኘት መርዘኛውን የክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ ይህን ለጽዳት ሠራተኞች በግልጽ መንገር ያስፈልጋል።

ቀጥሎ መድረቁን መፈተን ነው። አራቱም ጎኑ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ተዘርግቶ ጠርዙ በፕላስተር ይታሸግና ቢያንስ 16 ሰዓት ይቆያል። ሲገለጥ ከሥሩ ወዝቶ ወይም አርማታው ጠቁሮ ከተገኘ ገና ነው። መቀባት ያለበት በደረቅ ወቅት፣ ዝናብ በማይጠበቅበት ቀን፣ ሊሾው ሳይግል በጠዋት ወይም ወደ ማታ ነው፤ በጋለ ገጽ ላይ ቅቡ ሳይሰርግ ይተናል። አርማታው ጠጥቶ የተወውን ትርፍ መጥረግ ይገባል። የሚቀባውም ሰው ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርግ።

የኬሚስትሪ መምህራን ከዚህ ሁሉ አንድ ጥሩ ክፍለ ጊዜ ሊያወጡ ይችላሉ። ከግቢ ከወደቀ አሮጌ የአርማታ ስባሪ አንዱን ሰብሮ በአዲሱ ገጽ ላይ ፊኖልፍታሊን ማንጠባጠብ ነው። ኖራው ያለበት መሐሉ ወዲያው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ ይሆናል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበላው ዳሩ ግን ቀለም አያወጣም። ተማሪው የዳሩን ውፍረት በማስመሪያ ለክቶ፣ አርማታው የተሠራበትን ዓመት ጠይቆ፣ ፌሮው ጋ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ሊገምት ይችላል። እንዳይሳሳት ግን ጥልቀቱ የሚያድገው በዓመታቱ ልክ ሳይሆን በዓመታቱ ስኩዌር ሩት መሆኑን ይነገረው፤ በአራት እጥፍ ዘመን የሚጓዘው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። የሒሳብ መምህሩንም መጥራት ይቻላል።

የእኛን መንገድ በተመለከተ፣ የተላጠውን ቅብ በሽቦ ብሩሽ ፍቀን ለማንሣት ሠልጣኞቹና እኛ ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብናል። ውሃ ይቆምበት የነበረው ከቤተ መጻሕፍቱ ጣራ የሚወርደው አሸንዳ መንገዱ ላይ ስለሚያፈስ ነበር፤ አሸንዳው ወደ ቦዩ ዞረ። ይህ ብቻ ከጥላው ሥር ያለውን ሽበት በግማሽ ቀነሰው። ፀሐይ የሚያገኘውን ክፍል በሚቀጥለው በጋ በሳይሌን ቀባነው፤ ጥላ ውስጥ ያለው ላስቲኩን አንሥተን ባየን ቁጥር እየወዛ ስላስቸገረን ሳንቀባ ትተነው በብሩሽ ብቻ እናጥበዋለን። ባለፈው ኅዳር በጠብታ ስንሞክረው ዳርና ዳሩ ላይ ውሃው ገና ይንከባለላል፤ ሰው በሚረግጠው መሐሉ ላይ ግን ደቂቃ ሳይሞላ ሰጠመ። መሐሉን ጥር ላይ ደግመን እንቀባዋለን።