ጥፋቱ የቁመት ነው ወይስ የካፖርት?

ዝናብና ብርድ ሲመጣ ረዥም ካፖርት ተፈላጊ ነው። ሰፊና ገላን የሚሸፍን በመሆኑም ለሙስሊም እህቶቻችን ይበልጥ ይስማማል። ይሁንና ቁመታቸው አጠር ያለ እህቶች «ካፖርት ለእኔ አይሆንም» ሲሉ ደጋግመን እንሰማለን። በመንገድም «ካፖርቱ ብቻውን ይሄዳል» የሚል ፌዝ አይጠፋም። በዚህ የተነሳ በስንት ወጪ የተገዛ ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ይከርማል። ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው?

ነገሩን ከመነሻው እንየው። «ትሬንች ኮት» የሚባለው ባለ ቀበቶ ካፖርት የወታደር ልብስ ነበር። እንግሊዛዊው ቶማስ በርበሪ እ.ኤ.አ. በ1879 ጋባርዲን የተባለውን ዝናብ የሚቋቋም ጨርቅ ሠራ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት (1914–1918) የእንግሊዝ መኮንኖች በምሽግ ውስጥ ይህን መሰል ካፖርት ለበሱ፤ ስሙም «የምሽግ ካፖርት» ማለት ነው። የትከሻው ማሰሪያ ለማዕረግ ምልክት፣ ደረት ላይ የተደረበው ጨርቅ ዝናብ ለመከላከል የገቡ ናቸው። ይህ ሁሉ ጓዝ አጭር ሰው ላይ ሲከመር ትከሻን ያገዝፋል፣ አንገትን ይውጣል።

ሌላው ምክንያት ልኩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቁመታቸው ወደ 163 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በታች ለሆኑ ሴቶች «ፔቲት» የሚባል የተለየ ልክ አለ። ይህ የቅጥነት ሳይሆን የቁመት ልክ ነው፤ ትከሻው፣ ወገቡ፣ ኪሱና እጅጌው ሁሉ ተመጣጥኖ ይቀንሳል። ስለዚህ ከታች ቆርጦ ማሳጠር ብቻውን አይበቃም። የካፖርቱ ወገብ ዳሌ ላይ፣ ኪሱም እጅ ከሚደርስበት በታች ይቀራልና።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ከሱቅም ሆነ ከሰልባጅ ሲገዛ በትከሻ ይመረጥ። እጅጌና ርዝመት በቀላሉ ያጥራሉ፤ ትከሻን ማስተካከል ግን ልብሱን ፈትቶ እንደ አዲስ መስፋት ነው። ሲለካም ከሥር የሚለበሰው ሹራብ አይረሳ።

ሁለተኛ፣ የቀበቶው ማለፊያ ወደ ለባሿ ወገብ ከፍ ብሎ ይሰፋ። ቀበቶው ከካፖርቱ ጨርቅ የተሠራና ቀጠን ያለ ይሁን። ጠብቆ ከታሰረ የገላን ቅርጽ ስለሚያሳይ ማላላት ወይም ጨርሶ መተው ይሻላል። ቀጥ ብሎ የሚወርድ ካፖርት ቁመትንም ያስረዝማል።

ሦስተኛ፣ በሁለት ረድፍ ከሚቆለፈው ይልቅ ባለ አንድ ረድፉ፣ ከሰፊ ኮሌታ ይልቅ ትንሹ ይመረጥ። የትከሻው ማሰሪያ ስፌቱ ተፈትቶ ሊነሳ ይችላል።

አራተኛ፣ ጠርዙ መሬት አይጥረግ፤ ታክሲ ሲሳፈሩና ደረጃ ሲወጡ ይጥላል። የኋላው ስንጥቅ በነፋስ እንዳይገለጥ ከውስጥ እጥፍ ጨርቅ ይጨመርበት፤ እርምጃንም አያግድም። ቀሚሱና ካፖርቱ ተቀራራቢ ቀለም ቢኖራቸው ደግሞ መልካም ነው።

ወላጆችም «ታድጊበታለሽ» በሚል ለልጃገረድ ልጃቸው የአዋቂ ካፖርት ከማልበስ ይልቅ፣ በትከሻዋ ልክ ገዝተው ጠርዙንና እጅጌውን ሳይቆርጡ ወደ ውስጥ ያሳጥፉላት። ስታድግ ይለቀቃል፤ ገንዘብም አይባክንም።

አላህ የሰጠን ቁመት ጉድለት የለበትም። ልክ የሚያስፈልገው ልብሱ ነው። ለዚህም አንድ ጎበዝ ልብስ ሰፊ ይበቃል፣ ኢንሻአላህ።