አቅሙ ሳይቀንስ ዋጋው የሚቀንስ የጌም ኮምፒውተር

የጌም ኮምፒውተር በየዕቃው ገዝቶ መገጣጠም የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደነግጠው ዋጋውን ሲደምር ነው። ያን ጊዜ ወይ ሐሳቡን ጭራሽ ይተወዋል፣ ወይ ከእያንዳንዱ ዕቃ ላይ እኩል እየቀነሰ ገንዘብ የበላ ነገር ግን ጌም የማያጫውት ማሽን ይሠራል። ሁለቱም የሚመጡት ማሽኑን ካለማወቅ ነው። በኮምፒውተሩ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ውስጥ ጌሙ እንዴት እንደሚሄድ የሚወስኑት ጥቂቶቹ ናቸው። ገንዘቡን እነሱ ላይ አውጥቶ ከሌሎቹ የቆጠበ ሰው እጅግ ብዙ ካወጣ ሰው ጋር እኩል መጫወት ይችላል። እንግዲህ ማሽኑን በየክፍሉ እንተዋወቀው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሞኒተሩ መጀመር

ለኮምፒውተሩ ጌም ማለት በየሴኮንዱ ደጋግሞ ሥዕል መሥራት ነው። ፕሮሰሰሩ ማን የት እንደቆመ፣ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ፣ ጥይቱ ማንን እንደመታ ያሰላል። ግራፊክስ ካርዱ ስሌቱን ተቀብሎ ሥዕሉን ነጥብ በነጥብ ይሞላል። አንዱ ሙሉ ሥዕል ፍሬም ይባላል። 60 ኸርዝ የሆነ ሞኒተር በሴኮንድ የሚያሳየው 60 ጊዜ ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ የተሠራው ፍሬም አብዛኛው ዓይን ሳያየው ይቀራል።

የነጥቦቹ ብዛትም ዋጋውን ይወስናል። ፉል ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080 ስክሪን 2,073,600 ነጥብ አለው። 2560 በ1440 የሆነው 3,686,400 ነጥብ፣ 4ኬ የሚባለው ደግሞ 8,294,400 ነጥብ አለው፤ ከፉል ኤችዲው ልክ 4 እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ፉል ኤችዲ ሞኒተር ያለው ሰው ለ4ኬ የተሠራ ካርድ ሲገዛ የከፈለበትን አቅም አብዛኛውን አይጠቀምበትም። ዋጋ ከመጠየቅ በፊት የሚመለሱ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፦ ሞኒተሬ ምን ያህል ነው? የምጫወታቸው ጌሞችስ የትኞቹ ናቸው? ቫሎራንትና ዶታ 2 በመጠነኛ ካርድ በደንብ ይሄዳሉ። ሳይበርፐንክ 2077ን የመሰለ ጌም ግን ጠንካራ ካርድ ይፈልጋል።

ገንዘቡ የሚገባው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው

በጌም ኮምፒውተር ላይ ከጠቅላላው በጀት ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው ለግራፊክስ ካርድ ቢውል ተገቢ ነው። እዚህ ላይ የሚቆጠበው ደካማውን በመግዛት ሳይሆን ለሞኒተሩ የሚበቃውን መርጦ፣ አዲስ የወጣውን ከማሳደድ በመታቀብ ነው። የኤኤምዲ አርኤክስ 6600 በ2021 ሲወጣ ዋጋው 329 ዶላር ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ 200 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ካርዱ ያው ነው፣ 8 ጊጋ ባይት ሜሞሪውም ያው ነው፤ በፉል ኤችዲ አብዛኞቹን ጌሞች ከ60 ፍሬም በላይ ያጫውታል። የተለወጠው ዋጋው ብቻ ነው። በዚህ ገበያ ትዕግሥት ራሱ ገንዘብ ነው።

ርካሽ ሁሉ ቁጠባ እንዳልሆነ የሚያሳየው ደግሞ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ነው። በ2022 በ199 ዶላር የወጣው ይህ ካርድ 4 ጊጋ ባይት ሜሞሪ ብቻ አለው። ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመርም 4 ብቻ ነው። አዲስ ማዘርቦርድ ላይ ሲሰካ ይህ ብዙም አያስቸግርም። በፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 በሚሠራ አሮጌ ቦርድ ላይ ግን የመስመሩ አቅም በግማሽ ስለሚቀንስ ካርዱ በብዙ ጌሞች ላይ ይንገዳገዳል። ርካሽ ካርድ የሚፈልገው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አሮጌ ቦርድ ያለው ነው። ዛሬ አዲስ ካርድ የሚገዛ ሰው ከ8 ጊጋ ባይት በታች ሜሞሪ ያለውን ባይገዛ ይመረጣል።

ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ

ለጌም 6 ኮር ያለው ዘመናዊ ፕሮሰሰር በቂ ነው። የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ኤክስ በ2020 በ299 ዶላር ወጣ። ራይዘን 5 5600 ደግሞ በ2022 በ199 ዶላር ወጣ። ሁለቱም 6 ኮር አላቸው። ከፍተኛ ፍጥነታቸው 4.6 እና 4.4 ጊጋ ኸርዝ ነው። ጌም ላይ ልዩነቱ ጥቂት ፍሬም ነው፤ 100 ዶላሩ ግን ግራፊክስ ካርዱን አንድ ደረጃ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። በኢንቴል በኩል ኮር አይ5 12400ኤፍ ተመሳሳይ ምርጫ ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ኤፍ» በውስጡ ግራፊክስ እንደሌለው የሚያሳይ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በዚያው ምክንያት ይረክሳል። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ለሚገዛ ሰው የሚጎድልበት ነገር የለም፤ ካርዱ የተበላሸ ዕለት ግን ስክሪኑ ላይ ምንም እንደማይታይ ማወቅ አለበት።

ማዘርቦርድ ፍሬም አይጨምርም። ከእሱ የሚፈለገው ፕሮሰሰሩን ሳይንገዳገድ መመገብ፣ ራምና ዲስክ የሚሰካበት በቂ ቦታ መያዝ ነው። ለራይዘን 5 5600 ቢ550 የተባለው ቦርድ ከበቂ በላይ ነው። ኤክስ570ን ለመምረጥ ብዙ ፈጣን ዲስክና ካርድ የሚሰካ ሰው መሆን ያስፈልጋል።

ፕሮሰሰሩ የሚሰካበትን ሶኬት ግን አጥብቆ መመርመር ይገባል፤ የነገው ወጪ ያለው እዚያ ነው። ኤኤም4 የተባለው የኤኤምዲ ሶኬት ይህን በሚገባ አሳይቷል። በ2017 ቦርድ የገዛ ብዙ ሰው፣ ባዮሱን ማለትም የቦርዱን መነሻ ፕሮግራም አድሶ በ2022 የወጣውን ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ እዚያው ቦርድ ላይ ሰክቷል። ተተኪው ኤኤም5 በ2022 ወጥቷል፤ የሚቀበለውም ዲዲአር5 ራም ብቻ ነው። ለዛሬ በትንሹ መግዛት የሚፈልግ ኤኤም4ን፣ ነገ ፕሮሰሰር ብቻ ለውጦ መቀጠል የሚፈልግ ኤኤም5ን ቢመርጥ ያዋጣዋል።

ራምና ዲስክ

16 ጊጋ ባይት ራም ለአብዛኛው ጌም ይበቃል። የሚገዛበት መንገድ ግን ለውጥ ያመጣል፤ አንድ ባለ 16 ከመግዛት ሁለት ባለ 8 መግዛት ይሻላል። ሁለተኛውን መስካት ባለ አንድ በር መጋዘን ላይ ሌላ በር እንደ መክፈት ነው፦ ዕቃው ያው ቢሆንም የሚገባውና የሚወጣው በእጥፍ ይሆናል። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከሎች የሜሞሪ ቺፕ በገፍ ስለሚወስዱ የራም ዋጋ እጅግ አሻቅቧል። በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ያለ ደኅና ዲዲአር4 ራም ካለ እሱን ወደ አዲሱ ማሻገር ትልቅ ቁጠባ ነው።

ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚያጣው አቅምም እዚሁ አለ። ባለ 3200 ዲዲአር4 ራም ገዝቶ የሰካ ሰው ባዮስ ውስጥ ገብቶ ኤክስኤምፒ የሚባለውን ካላበራ፣ ራሙ አብዛኛውን ጊዜ በ2133 ወይም በ2400 ይሠራል። የተከፈለበት ፍጥነት እንዲሁ ይተኛል። ማብራት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

ዲስክን በተመለከተ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ ትቶ ኤስኤስዲ መግዛት ትልቁ እርምጃ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሩጫ ለጌም ብዙም አይጠቅምም። በሳታ ገመድ የሚሠራው ኤስኤስዲ በሴኮንድ 550 ሜጋ ባይት ገደማ ያነባል። ያለ ገመድ ቦርዱ ላይ ከሚሰካው፣ ኤንቪኤምኢ ከሚባለው ኤስኤስዲ ደግሞ መካከለኛው 3,500፣ ፈጣኑ 7,000 ገደማ ይደርሳል። ሆኖም በሁለቱ ኤንቪኤምኢዎች መካከል ጌም ሲከፈት የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው ጥቂት ሴኮንድ ነው። ፍሬም ላይ ለውጡ ከቁጥር አይገባም።

የማይቆጠብበት ዕቃ

ኬዝ፣ መብራት ያለው ፋን፣ በውኃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ፦ ገንዘብ በብዛት የሚፈስባቸው እነዚህ ናቸው። ራይዘን 5 5600 ከነማቀዝቀዣው በካርቶኑ ይመጣል፣ ለጌምም ይበቃዋል። ኬዙ ላይ የሚታየው አየር ማስገባቱ ነው። ፊቱ በወንፊት የተሠራ ተራ ኬዝ ፊቱ በመስታወት ከተዘጋ ውድ ኬዝ የተሻለ ያቀዘቅዛል።

ፓወር ሰፕላይ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ሲበላሽ ብቻውን ላይበላሽ ይችላል፤ ካርዱንና ቦርዱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ጥራቱ ላይ አይቆጠብም። የሚቆጠበው ዋቱ ላይ ነው። አርኤክስ 6600 እስከ 132 ዋት ይስባል፣ ራይዘን 5 5600 እስከ 76 ዋት። ቀሪው ተደምሮ ከ300 ዋት አይበልጥም። ስለዚህ ጥሩ ስም ያለው 550 ዋት ይበቃል፤ 850 ዋት መግዛት ትርፍ ወጪ ነው። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት የሚናገረው ኤሌክትሪኩ ምን ያህሉ በሙቀት ሳይባክን እንደሚያገለግል እንጂ ዕቃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ አይደለም። ስለዚህ ምልክቱን ብቻ አይቶ መግዛት አይበቃም።

ለአገራችን አንባቢ ሁለት ነገር ይጨመራል። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ በሰው የመጣ ፓወር ሰፕላይ ከመሰካቱ በፊት ጎኑ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት መባሉ መነበብ አለበት። በአንዳንድ አሮጌዎቹ ላይ ያለችው ቀይ ማብሪያ 115 ላይ እንዳለች ከተሰካ ይቃጠላል። ሁለተኛው የመብራቱ መዋዠቅ ነው። የስታቢላይዘር ወይም የዩፒኤስ ዋጋ ከመጀመሪያው በበጀቱ ውስጥ መግባት አለበት።

ያገለገለ ዕቃና በሰው የሚመጣ

በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ ያገለገለ ዕቃ ለብዙ ሰው ቀዳሚ ምርጫ ሆኗል። ፕሮሰሰርና ራም አገልግለውም ብዙ አይበላሹም፤ በድፍረት ይገዛሉ። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ባይገዛ ይሻላል። ግራፊክስ ካርድ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባልበት ዕቃ ነው። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2022 አሠራሩን ሲለውጥ፣ እሱን ለማመንጨት ለዓመታት ሌት ተቀን ሲያሠሯቸው የነበሩ ብዙ ካርዶች ገበያ ላይ ወጡ። ውስጣቸው አሮጌ ሆኖ በአዲስ ስም የሚሸጡም አሉ። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን ያጋልጣል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ከባድ ጌም ለግማሽ ሰዓት ከፍቶ ሙቀቱን፣ የፋኑን ድምፅና ስክሪኑ ላይ የሚታይ እንግዳ ነጠብጣብ ካለ ማየት መብት ነው። ሻጩ እምቢ ካለ መልሱ ተገኝቷል።

ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቶ ካርድ መጨመርም ጥሩ መንገድ ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስን የመሳሰሉት ማሽኖች ግን ፓወር ሰፕላያቸው ትንሽ ነው፣ ሶኬቱም ብዙ ጊዜ የራሳቸው ዓይነት ስለሆነ መለወጥ ያስቸግራል። ስለዚህ ከቦርዱ ብቻ ኤሌክትሪክ የሚወስድ፣ ከ75 ዋት የማይበልጥ ካርድ ይፈልጋሉ። ጂቲኤክስ 1650 ከነዚህ አንዱ ነው፤ ግን ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቀው ዓይነት መሆኑን፣ ቁመቱም ኬዙ ውስጥ መግባቱን ማረጋገጥ ይገባል።

ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ሻንጣውን በብልሃት ይጠቀምበት። ፕሮሰሰር፣ ራምና ኤስኤስዲ ቀላል ሆነው ዋጋቸው ትልቅ ስለሆነ ለመላክ ይመቻሉ። ኬዝና ሞኒተር እዚሁ ቢገዙ ይሻላል። በውጭ የተገዛ ዕቃ ዋስትናው ብዙ ጊዜ የሚሠራው በተገዛበት አገር መሆኑም መታሰብ አለበት።

በነፃ የሚገኝ አቅም

ማሽኑ ከተገጣጠመ በኋላም ሳይከፈልበት የሚጨመር አቅም አለ። ኤኤምዲ በ2021 ያወጣው ኤፍኤስአር ጌሙን በትንሽ ነጥብ ሠርቶ ወደ ትልቁ ያሳድገዋል። ለምሳሌ በ4ኬ ስክሪን ላይ ኳሊቲ የሚለው ምርጫ ሲበራ ካርዱ በትክክል የሚሠራው 2560 በ1440 ነው። የመጀመሪያዎቹ የኤፍኤስአር ዓይነቶች በኤንቪዲያና በአሮጌ ካርዶችም ላይ ይሠራሉ። የኤንቪዲያው ዲኤልኤስኤስ የሚሠራው ግን በአርቲኤክስ ካርዶች ላይ ብቻ ነው። በጌሙ ሰቲንግ ውስጥም ጥላንና ነጸብራቅን ከአልትራ ወደ ሀይ ማውረድ ብቻውን ብዙ ፍሬም ይመልሳል። እየተጫወተ ልዩነቱን የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ ሰብስበን አንድ ማሽን ብንሠራ፦ ራይዘን 5 5600 ከራሱ ማቀዝቀዣ ጋር፣ ቢ550 ቦርድ፣ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ባይት ራም፣ 1 ቴራ ባይት መካከለኛ ኤንቪኤምኢ፣ አርኤክስ 6600፣ ጥሩ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ፣ አየር የሚያስገባ ተራ ኬዝ። 60 ኸርዝ የሆነ ፉል ኤችዲ ሞኒተር ላለው ሰው ከዚህ በላይ የሚወጣው ገንዘብ በአብዛኛው የሚታይ ፍሬም አያመጣለትም።

ኮምፒውተር ለመገጣጠም የምታስቡ ወጣቶች፣ ልጃችሁ የጠየቃችሁ ወላጆችም፣ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ሞኒተራችሁንና ጌሞቻችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ሻጩ ለሚያቀርብላችሁ ለእያንዳንዱ ዕቃ «ይህ ስንት ፍሬም ይጨምርልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ ዕቃውም ማሽኑን ከአደጋ የሚጠብቅ ካልሆነ፣ ገንዘባችሁን መልሱት፤ ለግራፊክስ ካርዱ ይሁን።