አቃቂ፦ የአዲስ አበባን ሸክም የተሸከመች ከተማ

አቃቂ ከአዲስ አበባ መሐል ወደ ደቡብ ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ቢሾፍቱና አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። አቃቂ በሰቃ በሚለው ሙሉ ስሟ የራሷ ማዘጋጃ ቤት የነበራት ከተማ ስትሆን፣ ዛሬ የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ አካል ናት። የባቡር ጣቢያው፣ ፋብሪካው፣ የመጠጥ ውሃ ጉድጓዱ፣ የፍሳሽ ማጣሪያውና የጋራ መኖሪያ ቤቱ ሁሉ ወደዚህ አካባቢ የመጡት በየዘመኑ ዋና ከተማዋ ስለፈለገቻቸው ነው። ስለ አቃቂ ለረጅም ጊዜ ሲነሳ የኖረው ጥያቄም ከዚሁ የሚመነጭ ነው፤ መሬቷን፣ ውሃዋንና ወንዟን ለአዲስ አበባ ዕድገት ያበረከተች ከተማ በምላሹ ምን ይገባታል?

ሜዳውና አፈሩ

አዲስ አበባ ከሰሜን ወደ ደቡብ ታዘቀዝቃለች። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ሲበልጥ፣ የአቃቂ ሜዳ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከእንጦጦና ከምዕራብ ተራሮች የሚነሱት ወንዞች በሙሉ ከተማውን አቋርጠው የሚሰበሰቡት ወደዚሁ ዝቅተኛ ሥፍራ ነው። ሰሜኑ ተራራማ በመሆኑ ከተማዋ ለመስፋፋት የሚመቻት በደቡብ በኩል ነበር።

አካባቢው ከረጅም ዘመን ጀምሮ የቱለማ ኦሮሞ ገበሬዎች ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ የሚያመርቱበት ነው። አፈሩ በአብዛኛው መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ለጤፍ የተመቸ ቢሆንም ለቤት መሠረት አስቸጋሪ ነው። በመረሬ ላይ እንዲሁ የቆመ ግድግዳ ከጥቂት ክረምቶች በኋላ ስለሚሰነጠቅ፣ የአካባቢው ግንበኞች ጥቁሩን አፈር አውጥተው በምትኩ ቀይ አመድ ሞልተው ይጠቀጥቃሉ። የአቃቂ ሰው ቤት ሲሠራ መጀመሪያ ገንዘቡን የሚያፈሰው መሬት ውስጥ ነው።

የባቡሩ ከተማ

አቃቂን ከእርሻ መንደርነት ወደ ከተማነት ያሸጋገራት የምድር ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በገንዘብ እጥረትና በኃያላን መንግሥታት ሽኩቻ ለዓመታት ቆሞ ነበር። ሥራው ከቀጠለ በኋላ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። በመሐል በነበረው ጊዜ ከባሕር የመጣ ጭነት ወደ ዋና ከተማዋ ከመግባቱ በፊት የሚራገፈው አቃቂ ላይ ነበር።

ሜዳው ለሌሎች ሥራዎችም ተመራጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የጣሊያኑ አንሳልዶ ኩባንያ የገነባው የሬዲዮ ማሠራጫ ጣቢያ አቃቂ ላይ የቆመ ሲሆን፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ለውጭው ዓለም ድምፃቸውን ያሰሙት በዚሁ ጣቢያ በኩል ነበር። በዚያው ዘመን በአካባቢው የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳም ነበር። ከከተማዋ ዝቅ ብሎ፣ ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች በሚገናኙበት ሥፍራ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የአባ ሳሙኤል ግድብ ተሠራ። ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው ይህ ግድብ 6.6 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር።

የፋብሪካው ዘመን

ባቡሩ፣ ዋናው መንገድ፣ ለጥ ያለው መሬትና ወራጁ ውሃ በአንድ ሥፍራ መገናኘታቸው ፋብሪካን ሳበ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ሥራ ሲጀምር የኤሌክትሪክ ኃይሉ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው በቃሊቲ በኩል ስለነበር አካባቢው ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የህንዱ ቢርላ ኩባንያ በሽርክና የተሳተፈበት የኢንዶ-ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቃቂ ላይ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የምግብ፣ የብረታ ብረትና የሌሎች ምርቶች ፋብሪካዎች ከቃሊቲ እስከ አቃቂ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ተደረደሩ።

ፋብሪካው ሥራ ፈላጊ ጠራ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ወጣቶች በፈረቃ እየሠሩ፣ በፋብሪካው አጥር ዙሪያ ቤት እየተከራዩ የሠራተኛ ሰፈር መሠረቱ። ከተማዋ የብዙ ቋንቋና የብዙ ሃይማኖት ሰው በአንድ ግቢ የሚኖርባት የሆነችው በዚህ መንገድ ነው።

በጥር 1967 ዓ.ም. ደርግ ታላላቆቹን ፋብሪካዎች ወረሰ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 የገጠር መሬት፣ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የአቃቂ ገበሬ ከባላባት ጭሰኝነት ነፃ ቢወጣም መሬቱን የመሸጥና የመለወጥ መብት አላገኘም። ይህ ሁኔታ ከ30 ዓመት በኋላ ከተማው ወደ እርሻው ሲዘልቅ ዋነኛ ጉዳይ ሆኖ ተመለሰ። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ሥራ የጀመረው የአቃቂ መለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ፣ ኋላ ላይ በብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ሥር ገብቶ ነበር።

ወንዙ

ትንሹ አቃቂ ከሰሜን ምዕራብ ተነስቶ በመርካቶ አካባቢና በመካኒሳ በኩል የከተማውን ምዕራባዊ ክፍል አቋርጦ ይወርዳል። ትልቁ አቃቂ ደግሞ ቀበናንና ሌሎች የምሥራቅ ወንዞችን ይዞ በአቃቂ ከተማ አጠገብ ያልፋል። ሁለቱ አባ ሳሙኤል ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይፈስሳሉ። በመንገዳቸው ላይ የቆዳ ፋብሪካውን፣ የጋራዡን፣ የሆስፒታሉንና የመኖሪያ ቤቱን ፍሳሽ ሁሉ ይሰበስባሉ። ውሃው አቃቂ የሚደርሰው የከተማውን እድፍ ሁሉ ተሸክሞ ነው።

የጉዳቱ መንገድ ብዙ ነው። በወንዙ ዳር ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ የሚያለሙ ገበሬዎች በጋውን የሚያጠጡት ከዚሁ ውሃ ነው። አፈሩንና አትክልቱን የመረመሩ ተመራማሪዎች እንደ ክሮምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተዋል። አትክልቱ ተመልሶ የሚሸጠው በአዲስ አበባ ገበያ በመሆኑ ጉዳቱ በአቃቂ ሰው ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። የአባ ሳሙኤል ሐይቅ በደለል ተሞልቶ በእንቦጭ ተሸፍኗል። የኃይል ማመንጫውም ለአሥርተ ዓመታት ከቆመ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2016 ዳግም ሥራ ጀምሯል።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159 ለነባር ፋብሪካዎች የአምስት ዓመት የመዘጋጃ ጊዜ ሰጥቷል። ያ ጊዜ ካለፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የሲቪክ ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ጉዳይ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሶ ነበር። ክሱ በፍርድ ቤት ተቀባይነት ባያገኝም፣ ዜጎች ለወንዝ ጥብቅና የቆሙበት ቀደምት ሙከራ ሆኖ በሕግ ባለሙያዎች ዘንድ ይጠቀሳል።

በቃሊቲ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በቅርብ ዓመታት በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ተደርጎ ተስፋፍቷል። ይሁን እንጂ ማጣሪያው የሚሠራው በቧንቧ በደረሰው ፍሳሽ ላይ ብቻ ነው። ከመስመሩ ጋር ያልተገናኘው ቤትና ፋብሪካ የሚለቅቀው ፍሳሽ አሁንም በቀጥታ ወንዝ ይገባል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ 29 ቢሊዮን ብር የተያዘለት የሸገር ወንዞች ማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር እንዲሸፍን ታቅዷል። ዕቅዱ ከዳር ማስዋብ አልፎ የውሃውን ንጽሕና ካልመለሰ፣ በወንዙ መጨረሻ ለሚኖረው ሰው የሚለወጥ ነገር አይኖርም።

የመጠጥ ውሃው

ከመሬት በላይ ቆሻሻ የሚወርድባት አቃቂ ከመሬት በታች ለአዲስ አበባ ንጹሕ ውሃ ታቀርባለች። በእንጦጦና በሰሜኑ ከፍታ የዘነበው ዝናብ በስንጥቅ ባዝልት ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ወደ ደቡብ ይጓዛል። አቃቂ ላይ በጥልቀት የተነጠፈው ቀይ አመድና ስንጥቅ ድንጋይ ውሃውን ያጠራቅመዋል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ በዚህ ሥፍራ የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ጎን ለጎን የዋና ከተማዋ ዐቢይ የውሃ ምንጭ ሆነዋል። ውሃው ግን ከዝቅተኛው ሜዳ ወደ ከፍታው ሰፈር በፓምፕ ስለሚገፋ መብራት ሲጠፋ ውሃም አብሮ ይጠፋል።

የወንዙና የመጠጥ ውሃው ታሪኮች እዚህ ላይ ይገናኛሉ። ጉድጓዶቹ የሚገኙት የተበከለው ወንዝ በሚያልፍበት፣ ፋብሪካና ቤት በሚበዛበት ሜዳ ነው። ውሃ የያዘው ድንጋይ ስንጥቅና ባለ ቀዳዳ በመሆኑ ብክለት ሊሰርግበት ይችላል፤ አንዴ የተበከለ የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ በቀላሉ አይጠራም። ስለዚህ የአቃቂን ወንዝ ማጽዳት ለአቃቂ ነዋሪ የሚደረግ ውለታ ሳይሆን አዲስ አበባ የምትጠጣውን ውሃ መጠበቅ ነው።

አስተዳደሩና ወሰኑ

የ1978 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የከተማዋን ዕድገት ወደ ደቡብ፣ በቃሊቲና በአቃቂ አቅጣጫ አመላከተ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአሥር ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር አቃቂ ቃሊቲ አንዱ ሆነ። ክፍለ ከተማው 118 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሲሆን፣ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ180 ሺህ በላይ ነዋሪ ተቆጥሮበታል።

ክፍለ ከተማው በሦስት አቅጣጫ ከኦሮሚያ ጋር ስለሚዋሰን የወሰን ጥያቄ በቀጥታ ይነካዋል። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድ ለማቀድ የወጣው የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. ብርቱ ተቃውሞ አስነስቶ፣ ብዙ የሰው ሕይወት ጠፍቶ፣ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰርዟል። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ከ51 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፣ የወሰን ውዝግብ ያለባቸው የኮዬ ፈጬ ቤቶች በዕጣው ውስጥ በመካተታቸው ተቃውሞው እንደገና ተነሳ። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ሁለቱ አስተዳደሮች በደረሱበት የወሰን ስምምነት ኮዬ ፈጬ ወደ ኦሮሚያ፣ የቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ተጠቃልለዋል። በ2015 ዓ.ም. ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ከተሞች ይዞ ሸገር ከተማን አቋቁሟል።

መሬቱና ገበሬው

ከወሰኑ ክርክር ሥር ያለው የገበሬው ጥያቄ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት መሬቱን በቋሚነት የሚለቅ ገበሬ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሳ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ካገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ አሥር እጥፍ ነበር። ለምሳሌ በዓመት በአማካይ 10 ሺህ ብር የሚያስገኝ ማሳ 100 ሺህ ብር ያስከፍል ነበር ማለት ነው። ስሌቱ የሚነሳው ከእህሉ እንጂ መሬቱ ለቤትና ለፋብሪካ ሲሆን ከሚኖረው ዋጋ አይደለም። ያው ቦታ በሊዝ ሲተላለፍ የሚያወጣውን ያየ ገበሬ እንደተበደለ ቢሰማው አያስገርምም። ማረሻ እንጂ ሌላ ሙያ ላልተማረ ሰው በአንድ ጊዜ የተሰጠ ገንዘብ ብዙ ጊዜ አይበረክትም፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው በቀድሞ ማሳው ላይ በተሠራው ግንባታ የጥበቃ ወይም የቀን ሠራተኛ መሆን ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አድርጎ ተፈናቃዮችን መልሶ ስለማቋቋም ቢደነግግም፣ ከአዋጁ በፊት ለተነሱት ወደ ኋላ ተመልሶ አይደርስላቸውም።

ጥያቄው ዛሬ

አቃቂ ያገኘችው ነገር የለም ማለት ትክክል አይሆንም። ወደ አዳማ የሚወስደው የአገሪቱ የመጀመሪያ የፍጥነት መንገድ በመስከረም 2007 ዓ.ም. ሲከፈት መነሻው በክፍለ ከተማው፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ሆነ። ከአንድ ዓመት በኋላ ከምኒልክ አደባባይ የሚነሳው ቀላል ባቡር ቃሊቲ ደረሰ፤ የአቃቂ ከተማ ሰው ግን ከቃሊቲ በኋላ አሁንም ታክሲ ይጠብቃል። ከተማዋን የፈጠረው አሮጌ ሐዲድ ሥራ አቁሟል፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ዋና የጭነት ጣቢያ እንዶዴ ላይ ነው። የቂሊንጦ አካባቢም ዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ፓርክ አግኝቷል።

ለአቃቂ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሦስት ነገሮችን አብሮ መያዝ ይኖርበታል። አንደኛው፣ ወንዙ የሚጸዳው አቃቂ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን እድፉ በሚገባበት በላይኛው ሰፈር መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ኃላፊነቱ የመላው ከተማ ነው። ሁለተኛው፣ የውሃ ጉድጓዶቹን ዙሪያ ከአዲስ ፋብሪካና ከፍሳሽ መከለል ነው። ሦስተኛው፣ መሬቱን የሚለቅ ገበሬ በእሱ ማሳ ላይ ከሚመጣው ልማት ዘላቂ ድርሻ፣ ልጆቹም ሙያ እንዲያገኙ ማድረግ ነው። ሦስቱም ሥራዎች ከአንድ አስተዳደር ወሰን ስለሚያልፉ አዲስ አበባና ኦሮሚያ ተባብረው ካልሠሯቸው ከግብ አይደርሱም። ወንዙም ሆነ የከርሰ ምድሩ ውሃ የአስተዳደር ወሰን አያውቅም።