«ፍሬን በጠሰ» ሲባል፦ ትንሽ መኪና በአርሲ ቁልቁለት

በአገራችን አንድ መኪና ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ሲገኝ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ቃል «ፍሬን በጠሰ» የሚለው ነው። ይሁን እንጂ ጎማው ተፈትቶ ሲታይ ቱቦው ያልተቀደደበት፣ ሸራውም በቦታው ያለበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እንግዲያስ የተበጠሰው ምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ይዘን ትንሽ የቤት መኪና ለጠመዝማዛ ተራራማ መንገድ የተሻለ ብቁ የሚሆንበትን መንገድ ለመዳሰስ እንሞክራለን።

አቦምሳ የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን የአርሲ ደጋ ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚያዘቀዝቅበት ገጽ ላይ ትገኛለች። ከአሰላ ተነሥቶ ወደዚያ የሚጓዝ ሾፌር የጭላሎን ብርድ ትቶ ወደ ቆላው ሙቀት ይወርዳል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም፣ አዳማ ደግሞ 1,650 ሜትር ግድም ናቸው። ልዩነቱን 750 ሜትር ብለን እንውሰድ። ከነተሳፋሪዎቿ 1,200 ኪሎ ግራም የምትመዝን ቪትዝ ይህን ያህል ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት 8.8 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው፤ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። በየመቶ ሜትሩ 8 ሜትር በሚያዘቀዝቅ መንገድ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብትሄድ፣ ጎማና ነፋስ የሚወስዱት ተቀንሶ እንኳ፣ 8 ኪሎ ዋት ያህል ይተርፋል። ሁለት የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ባንድ ጊዜ ተጥደው ማለት ነው። ይህን ሙቀት ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ መሸከም አለበት።

ሾፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ ካደረገ ሸክሙ በሙሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበትን ከአየር የሚስብ ፈሳሽ ነው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን 140 ዲግሪ ሊያፈላው ይችላል። ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት እንደ ፈሳሹ ግፊትን አያስተላልፍም፤ ይጨመቃል። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። «በጠሰ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። መኪናዋ ቆማ ከቀዘቀዘች በኋላ ፍሬኑ ደኅና ሆኖ ስለሚገኝ ሾፌሩን የሚያምነው ሰው አይገኝም!

ነዳጅ የመቆጠቡ ሒሳብም ቢሆን የተሳሳተ ነው። ኢንጀክሽን ያላቸው ሞተሮች በማርሽ ተይዘው ሲወርዱና ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ነዳጁን ጨርሰው ይዘጋሉ፤ በዜሮ ማርሽ ግን እንዳይጠፉ ማቃጠላቸውን ይቀጥላሉ። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድማ የባሰ ነው። ፔዳሉን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው ሞተሩ በሚፈጥረው የአየር ክፍተት በመሆኑ፣ ከጥቂት እርግጫ በኋላ እግር ብቻውን ይቀራል።

እዚህ ላይ ደጋው የራሱን ዕዳ ይጨምራል። በአሰላ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ለሯጮቻችን የበጀው ስስ አየር ሰርቮውን አይበጀውም፤ ኃይሉ ከሩብ በላይ ይቀንስበታል። ሞተሩም ቢሆን በማርሽ ሲያዝ መኪናዋን የመጎተት አቅሙ በመጠኑ ይደክማል። ስለዚህ በቆላ በሦስተኛ ማርሽ የሚወረደውን ቁልቁለት በደጋ በሁለተኛ መውረድ ያስፈልጋል። አውቶማቲክ ከሆነም ከ«ዲ» በታች ያለውን ምርጫ መጠቀም ነው።

ፍሬኑን ራሱን ስለማሻሻል ስንነጋገር ብዙዎች ወደ ትልቅ ዲስክ ይቸኩላሉ። ትልቅ ዲስክ አንድን ድንገተኛ ማቆም እምብዛም አያሳጥርም፤ እሱን የሚወስነው ጎማው መሬቱን የሚይዝበት ኃይል ነው። ጥቅሙ ሙቀትን በመሸከም ላይ ነው። በእኛ ግምት ግን በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ መቀየርና አምራቹ ከፈቀደ 230 ዲግሪ ወደሚችለው ዶት 4 ማለፍ በጥቂት ብር ብዙ ያተርፋል። ከዚያ የሙቀት ደረጃው የታወቀ ሸራ ይከተላል። የኋላውን ታምቡር በዲስክ መተካት ሁልጊዜ ዕድገት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። የአዲስ አበባን ጎዳናዎች ለዓመታት ያገለገለችው ላዳ የተወለደችው በአራቱም ጎማ ዲስክ ከነበራት ፊያት 124 ነው፤ ሶቪየቶች ግን እ.ኤ.አ. በ1970 ማምረት ሲጀምሩ ለጭቃና ለአቧራ ብለው የኋላውን ወደ ታምቡር መልሰውታል። እርግጥ ነው፣ ታምቡር ሲግል ከሸራው እየራቀ ይሰፋል፤ ዲስክ ግን ወደ ሸራው ይወፍራል። በረጅም ቁልቁለት የፊት ዲስክ የሚመረጠው ስለዚህ ነው።

ወደ ኩርባው እንመለስ። ሬዲየሱ 30 ሜትር የሆነ ኩርባ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲታጠፍ ጎማው ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 4 ኒውተን ያህል መያዝ አለበት። በ60 ግን ከ9 በላይ ይሆናል፤ ይህም በደረቅ አስፋልት ላይ ደኅና ጎማ ከሚችለው ዳርቻ ነው። በኮረኮንች ላይ አቅሙ ወደ ግማሽ ስለሚወርድ 40 እንኳ ያሰጋል።

ሆኖም በየጋራዡ የሚሠራው ተቃራኒው ነው። መኪናዋ ከድንጋይ እንድትተርፍ በሞላው ላይ እየተጨመረ ከፍ ትደረጋለች፤ ፖርቶመጋላዋም ላይ ኩንታል ይጫናል። ሁለቱም የክብደቷን ማዕከል ወደ ላይ ይወስዳሉ። በቁልቁለት ኩርባ ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ውጭኛው የፊት ጎማ ይሸሻል፤ የኋላ ጎማዎች ቀልለው ይቆለፉና መኪናዋ በጅራቷ ትዞራለች። ከፍታው የግድ ከሆነ ለዚያ ርዝመት የተሠራ አሞርዛተር መግጠም፣ ዕቃውንም ከጣራ አውርዶ በወለሉ ላይ ማድረግ ያሻል። የደከመ አሞርዛተር በተቦረቦረ መንገድ ላይ ጎማውን ያነጥረዋል፤ በአየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬኑ የቱንም ያህል ቢሻሻል አያቆምም።