የባሌ ጦርነት እና ያልተዘገበው የመሬት ግብር

ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ ጠቅላይ ግዛት የሆነችው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን ዋና ከተማዋ ጎባ ነበረች። ገዥውና ከፍተኛ ሹማምንቱ የሚኖሩት ደጋው ላይ ነው። ከሳነቴ አምባ ባሻገር፣ ከሐረና ጫካ በታች ባለው በደሎ ቆላ፣ በምሥራቅም በኤልከሬና በዋቤ፣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝቡ ጠመንጃ አነሣ። ጦርነቱ ሰባት ዓመት ገደማ ቆየ።

መነሻው የመሬት ጉዳይ ነበር። የመሬት ልኬቱ፣ ማለትም ቀላድ መጣል፣ ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ገበሬ ይዞታው በስሙ ሳይመዘገብለት ቀረ። ግብር ያልተከፈለበት መሬት የመንግሥት እየተባለ ለሌላ ይሰጥ ነበር። በዚህ ላይ የሹማምንቱ ጉቦ፣ እንዲሁም ሙስሊሙ ኦሮሞና ሶማሌ በገዛ አገሩ እንደ ባዕድ መታየቱ ተጨመረ። ከአማፂያኑ መሪዎች አንዱ የሆኑት ዋቆ ጉቱ በደሎና በአካባቢው ብዙ ተከታይ ያገኙት ይህን በደል የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ስለነበረ ነው።

መንግሥት ግን ነገሩን የሽፍቶች ሥራና የሶማሊያ ተንኮል ብቻ አደረገው። ሶማሊያ መሣሪያ ማቀበሏ እውነት ነው፤ ገበሬው መሣሪያውን ለምን እንደተቀበለ ግን በይፋው አነጋገር ቦታ አልነበረውም። አዲስ ዘመን፣ ኢትዮጵያን ሄራልድና ሬዲዮው የመንግሥት ነበሩ፤ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የፕሬስ ነፃነትን ቢጠቅስም ጽሑፍ በሳንሱር እጅ ያልፍ ነበር። የመንግሥት አውሮፕላኖች በአማፂያኑ አካባቢዎች ላይ ቦምብ ሲጥሉ የአዲስ አበባ አንባቢ የጉዳቱን ልክ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ክፍተቱን የሞቃዲሾ ሬዲዮ ሞላው። በኦሮምኛ ጭምር እያሰራጨ የገበሬውን ብሶት ያነሣል፤ የራሱን መንግሥት የግዛት ፍላጎት ግን አይመረምርም። የባሌ አድማጭ ከሁለቱም ወገን ግማሽ ታሪክ ይደርሰው ነበር።

ከመንግሥት ውጭ ድምፅ ከተሰማባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። ተማሪው ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. በተማሪዎቹ መጽሔት በስትራግል ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ሲጽፍ የባሌን እንቅስቃሴ በስም አንሥቷል። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በመጋቢት፣ ዋቆ ጉቱ እጃቸውን ሰጡ። የሶማሊያ ድጋፍ ቀንሶ ነበር፤ ጄኔራል ጃጋማ ኬሎም በድርድር አግባቧቸው። ምሕረት ተደረገላቸው፤ የግራዝማችነት ማዕረግም ተሰጣቸው። የመሬቱ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ።

የጦርነትን እውነት መደበቅ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በዚያው ዘመን ለንጉሠ ነገሥቱ ጦር መሣሪያ የምትሰጠው አሜሪካ ቬትናም ውስጥ ትዋጋ ነበር። የአሜሪካ መንግሥትም ሕዝቡን አታልሏል፤ ዳንኤል ኤልስበርግ ያወጣውን ምስጢራዊ የጦርነት ሰነድ ኒውዮርክ ታይምስ በሰኔ 1963 ዓ.ም. ማተም ሲጀምር መንግሥት ሊያስቆመው ፍርድ ቤት ሄደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በስድስት ለሦስት ድምፅ ለጋዜጣው ፈረደ። ይኸው ጋዜጣ የኢራቅ ጦርነት ዋዜማ ላይ የባለሥልጣናትን ቃል በበቂ ሳይመረምር ማተሙን በ1996 ዓ.ም. አምኗል። ነፃ ፕሬስም ይሳሳታል፤ ልዩነቱ ስህተቱ በአደባባይ መታረም መቻሉ ነው።

በኢትዮጵያም ችግሩ የንጉሡ ዘመን ብቻ አይደለም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጡ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሥር ከመንግሥት ይፋዊ ምንጭ ውጭ የጦር ግንባር ውሎ እንዳይሰራጭ ተከለከለ። የጦር ዕቅድን መደበቅ ለወታደሩ ሕይወት ያስፈልጋል። የሲቪል ሞትንና የጦርነቱን ምክንያት መደበቅ ግን የሚጠቅመው ተጠያቂ ሊሆን የሚገባውን ሰው ነው።

በባሌ ቢያንስ የቀደመው ጉድለት ሊካስ ይችላል። በ1955 ዓ.ም. ወጣት የነበሩ ሰዎች ዛሬ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ሮቤ ያለው የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲና የአካባቢው ጋዜጠኞች የአማፂውንም፣ የወታደሩንም፣ በጎባ የኖረውን የሹም ቤተሰብም ቃል አሁኑኑ መቅዳት አለባቸው፤ መንግሥትም የጠቅላይ ግዛቱን የመሬትና የግብር መዝገብ ለተመራማሪ ይክፈት።