የኮንክሪት ጭድ

ጭቃ ቤት ያስመረገ ሰው ጭዱ ለምን እንደሚገባ አይጠይቅም። ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭዱ ስንጥቁን ይይዘዋል። ዛሬ የምናወራውም ስለ ጭድ ነው፤ ግን ከብረት ስለተሠራና ኮንክሪት ውስጥ ስለሚገባ ጭድ።

ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲስቡት ደካማ ነው፤ መሳብን የሚችለው መጨመቅን ከሚችለው አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ለዚህ ነው ቢም ከሥሩ ፌሮ የሚገባለት። በደንብ የተሠራ ቢም መሐሉ ላይ ሸክም ሲበዛበት ይጎብጣል፤ ሰው አይቶ ይሸሻል። የሚያስፈራው ከዓምዱ አጠገብ በሰያፍ የሚወጣው ስንጥቅ ነው። መሐንዲሶች የሺር ስንጥቅ ይሉታል፤ ሲመጣም ድንገት ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ሼልቢ ውስጥ የነበረ የአየር ኃይል መጋዘን ጣሪያ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1955 የተደረመሰው በዚሁ ነው። 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት የነበራቸው ቢሞች በተሰበሩበት ቦታ ስታፋ፣ ማለትም ፌሮውን ዙሪያውን የሚያቅፍ የብረት ቀለበት፣ አልነበራቸውም፤ የተሸከሙትም ከጣሪያው ክብደት ብዙ ያልበለጠ ነበር።

ስታፋ ስንጥቁን እንደ ስፌት ያያይዘዋል። ግን በአንዱና በሚቀጥለው ስታፋ መካከል ባዶ ቦታ አለ። የብረቱ ጭድ፣ ማለትም ከ3 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙት፣ ጫፋቸው የታጠፈ የብረት ቃጫዎች፣ ክፍተቱንም ይሞላሉ። ስንጥቁ ሲከፈት ቃጫው እንዲበጠስ አይፈለግም፤ መንጠቆው እየተቃና፣ እየታገለ እንዲወጣ እንጂ። ስንጥቁ ጠባብ ሆኖ ሲቆይ ደግሞ በሁለቱ ገጾቹ ላይ ያሉት ጠጠሮች እንደተቆላለፉ ይቆያሉ። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

በፋብሪካ የሚመረቱ ተገጣጣሚ ቢሞች ለቃጫው ይመቻሉ። ጎናቸው ስስ ነው፤ ስታፋ ማጠፍና ማሰርም ጊዜ ይበላል። ማሽን እየገፋ በሚያወጣቸው ባለ ቀዳዳ የወለል ንጣፎች ውስጥማ ስታፋ ማስገባት አይታሰብም። ቃጫው በአንዴ ከተደፋ ይቋጠራል፣ ቫይብሬተር ከበዛበትም አቅጣጫው ይበላሻል፤ ይህን መቆጣጠር ከሜዳ ይልቅ ፋብሪካ ውስጥ ይቀላል።

የአሜሪካ የኮንክሪት ደንብ እ.ኤ.አ. በ2008 ቃጫው ደንቡ የሚጠይቀውን ዝቅተኛ የስታፋ መጠን እንዲተካ ፈቅዷል። ፈቃዱ ቁመታቸው ከ60 ሴንቲ ሜትር ላልበለጠ፣ ሸክማቸውም መጠነኛ ለሆነ ቢሞች ነው፤ በአንድ ሜትር ኩብ ቢያንስ 60 ኪሎ ግራም ቃጫ ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ለከበደ ሸክም ስታፋው ይቀጥላል። ስለዚህ «ቃጫ ስላለው ስታፋው ይቅር» የሚል ተቋራጭ ካጋጠማችሁ፣ መጀመሪያ ስሌቱን አሳየን በሉት።