እንዶድ፦ ኃይሉ በዓይነቱና በፍሬው ዕድሜ ይወሰናል

እንዶድ ለአገራችን ደገኛ እንግዳ አይደለም። ከጥንት ጀምሮ ልብስ ይታጠብበታል። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱ ስለሆኑ፣ ተክሉ ለበሽታው መከላከያ እንደሚሆን ታወቀ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

ይሁን እንጂ እንዶድ ሁሉ እኩል አይደለም። ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የተሰበሰቡ ዓይነቶች ሲነጻጸሩ፣ «ዓይነት 44» የሚባለው በኃይሉ ተመርጧል። የሚገድለው ንጥረ ነገር ሳፖኒን ነው፤ ይኸውም አረፋ የሚያወጣው ነው። ኃይሉ የሚበረታው ፍሬው ሞልቶ ገና አረንጓዴ ሳለ ሲሆን፣ ሲቀላና ሲበስል ይቀንሳል።

በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኝ ማኅበር እንዶድ ለማልማት ቢነሳ ይህን ማስተዋል ይገባዋል። ቢልሃርዚያ የሚበዛው ከአዲስ አበባ ዝቅ ባሉ አካባቢዎች በመሆኑ፣ ዱቄቱ የሚሠራው ካመረተው ሰው ርቆ ነው። ደካማ ዱቄት ከተላከ ቀንድ አውጣው ይተርፋል፤ ሕፃናት ግን ውሃው ጸድቷል ተብሎ ይገቡበታል።

ስለሆነም የልማት ሠራተኞች የሚከተለውን ለአባላት ያስረዱ፦

1. ችግኙ ከተመረጠ ሴቴ ተክል ቅርንጫፍ ተቆርጦ ይተከል። ከዘር የበቀለው የእናቱን ጠባይ ላይይዝ ይችላል፤ ወንዴም ከሆነ ፍሬ አይሰጥም። ለማዳቀል ግን ጥቂት ወንዴ በአቅራቢያው ይኑር።

2. ዘለላው ፍሬው ሞልቶ ሳይቀላ ይቆረጥ። የቀላው ከአረንጓዴው ጋር አይደባለቅ።

3. ፍሬው በሚገባ ደርቆ፣ ዓይነቱና የተለቀመበት ቀን በከረጢቱ ላይ ይጻፍ።

4. ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፍዘፍ። ገዳዩ ሳፖኒን የሚገኘው የተወቀጠው ፍሬ ከውሃ ጋር ሲገናኝ በውስጡ ባለው ኤንዛይም ሥራ ነው። የፈላ ውሃ ኤንዛይሙን ያጠፋዋል።

5. የሚወቅጡ ሰዎች አፍንጫቸውንና ዓይናቸውን ይሸፍኑ። እንዶድ ዓሣን ስለሚገድል ዓሣ በሚረባበት ውሃ አይጨመር፤ ለመድኃኒት ተብሎም አይጠጣ።

ማኅበሩ ፍሬ ሲረከብ ሚዛኑን ብቻ ሳይሆን ቀለሙንም ይመልከት። ለአረንጓዴው ፍሬ የተሻለ ዋጋ ቢከፈል ለቃሚው በጊዜው ይለቅማል።